ዘፋኙ ሲሞት ቤተኞቹ የት ይደርሳሉ? ከግሬስላንድ እስከ ጎንደር ፒያሳ

የመክፈቻ ጽሑፍ

እዚህ ጎንደር ውስጥ ከዘፋኝ ጀርባ ስለሚቆሙ ሰዎች፣ ማለትም ስለ ማሲንቆ መቺው፣ ስለ ከበሮ መቺው፣ ስለ ሾፌሩና ሞንታርቦ ተሸክሞ ስለሚገባው ልጅ፣ ዘፋኙ በሕይወት እያለ ብዙ አይነገርም፤ ዘፋኙ ከሞተ በኋላ ደግሞ ጭራሽ የሚያነሳቸው የለም። ጉዳዩን ለውይይት ያቀረብኩት የአሜሪካዊው ዘፋኝ የኤልቪስ ፕሪስሊ ቤተኞች ከእርሱ ሞት በኋላ የገጠማቸውን ሳነብ ስለከነከነኝ ነው። የውጭ ታሪክ ሲነሳ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ኤልቪስ ኦገስት 16 ቀን 1977 በሜምፊስ ከተማ፣ ግሬስላንድ በተባለው መኖሪያው በ42 ዓመቱ ሲሞት፣ አንዳንዶቹ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቁት ጓደኞች፣ ዘመዶችና ሠራተኞች በዙሪያው ነበሩ። ጋዜጠኞች የሜምፊስ ማፊያ ብለው የሰየሟቸው እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸው አነስተኛ ነበር፤ ኑሯቸውን የሚያቃናላቸው ስጦታው ነበር። በጁላይ 1975 በአንድ ቀን ከ10 በላይ ካዲላክ መኪኖችን ገዝቶ ያደለ ሰው አጠገብ እየኖረ ስለ ውል ወይም ስለ ጡረታ የሚያነሳ አልተገኘም። ማርች 3 ቀን 1977 የፈረመው ኑዛዜ ተጠቃሚ ያደረገው አባቱን ቨርነንን፣ አያቱን ሚኒ ሜይን እና ሲሞት ገና 9 ዓመቷ የነበረችውን ልጁን ሊሳ ማሪን ነው። አባትየው የተቸገረ ዘመድ ሲያጋጥመው እንደ ፈቃዱ እንዲረዳ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ለጓደኛ ግን የተመደበ ነገር የለም። ከውትድርና ዘመን ጀምሮ አብሮት የነበረው፣ መድረክ ላይ ውኃና ሻርፕ ሲያቀብለው የኖረው፣ በግሬስላንድ ግቢ ያደረው ቻርሊ ሆጅ በኑዛዜው ላይ የፈረመው በምስክርነት ነው። እጮኛው ጂንጀር አልደንም እንዲሁ ምስክር ሆና ፈርማለች። ሁለቱም በሰነዱ ውስጥ ድርሻ የላቸውም።

እኔ የምለው ይህ ነው። ከሞቱ በኋላ ብዙዎቹ ትዝታቸውን በመጽሐፍና በቃለ ምልልስ እየሸጡ መኖራቸው ክህደት አይደለም፤ በጽሑፍ የሰፈረ መብት ያልነበረው ሰው በእጁ የቀረው ሀብት ትዝታው ብቻ ስለሆነ ነው። የእኛ ሙዚቀኞችም ወደዚያው እየሄዱ ነው ብዬ እሰጋለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ምላሾቹ

የመጡትን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬአለሁ፤ ሰላምታና ምስጋና ብቻ የያዙትን አልቆጠርኋቸውም።

ምላሽ 1 የመጣው በአዘዞ ከሚኖሩ፣ የድሮ ሸክላ ከሚሰበስቡ አንድ አባት ነው። በሐሳቤ ተስማምተው፣ ከገንዘቡ ይልቅ እርሳቸውን የሚያሳዝናቸው የቤቱ መለወጥ እንደሆነ በሰፊው ጻፉ። አስከሬኑ መጀመሪያ ያረፈው በሕዝብ መቃብር ሲሆን፣ በዚያው ወር መጨረሻ ሊሰርቁት ነው ተብለው የተጠረጠሩ ሰዎች በመያዛቸው በኦክቶበር 1977 ከእናቱ አስከሬን ጋር ወደ ግሬስላንድ ግቢ ተዛወረ። በዚያ ቤት የቀሩት አክስቱ ዴልታ ቢግስ ናቸው። ቤቱ ለጎብኚ ከተከፈተ በኋላም እስከ 1993፣ ማለትም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እዚያው ኖሩ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወጥ ቤቱ ለጎብኚ ዝግ ነበር። ጸሐፊው ይህን ሲያስቡ፣ አንዲት አሮጊት ቁርሳቸውን ሲሠሩ ከግድግዳው ማዶ የማያውቁት ሰው የወንድማቸውን ልጅ ሳሎን በትኬት ሲያይ መዋሉ እንዴት እንደሚከብድ ጠየቁ። እኔም ከዚህ ጥያቄ የበለጠ ነገሩን የሚያስረዳ አላገኘሁም።

ምላሽ 2 አጭር ነበር። ጸሐፊው ሀብቱ በሙሉ የሄደው ለሚስቱ ለፕሪሲላ ስለሆነ ወቀሳው ለእርሷ ሊቀርብ ይገባል አለ። ምላሽ 3 ወዲያው አረመው፤ ሁለቱ የተፋቱት በኦክቶበር 1973 በመሆኑ ፕሪሲላ በኑዛዜው ውስጥ የለችም። የውርሱ አስተዳደር ውስጥ የገባችው ቨርነን በጁን 1979 ከሞተ በኋላ፣ ከሌሎች አስፈጻሚዎች ጋር ሆና፣ በልጇ ስም ነው። በ1957 በ102,500 ዶላር የተገዛው ቤት ለጥበቃና ለእድሳት በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይፈልግ ስለነበር ወይ መሸጥ ወይ ለሕዝብ መክፈት ግድ ሆነ። ጁን 7 ቀን 1982 ተከፈተ። አራሚው ጨዋ ነበር፤ አስተያየቱን የጨረሰው የተሳሳተውን ሰው ጥያቄውን በማንሳቱ አመስግኖ ነው።

ጨዋነቱ በምላሽ 4 ላይ ተሰበረ። አንድ የቀበሌ 16 ሰው የእኔን አቋም ከነጭራሹ አልተቀበለውም። የሰውን እንጀራ ለዓመታት በልቶ፣ ያ ሰው ሲወድቅ ገመናውን አደባባይ የሚያወጣ ሁሉ ወጪት ሰባሪ ነው፤ ድህነትም ሆነ መባረር ለዚህ ሰበብ አይሆንም ሲል በጠነከረ ቋንቋ ጻፈ። ማስረጃ ያደረገው ሬድ ዌስትን፣ ሶኒ ዌስትንና ዴቭ ሄብለርን ነው። ሦስቱ ጠባቂዎች ስለ ኤልቪስ መድኃኒት አወሳሰድ የተናገሩበት መጽሐፍ የወጣው ከመሞቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የአዘዞው አባት በምላሽ 5 ተመልሰው፣ ከቀኑ በፊት ያለውም ሊነገር ይገባል አሉ። ሦስቱን ሰዎች በጁላይ 1976 ያባረራቸው አባትየው ቨርነን ነው፤ የተሰጠው ምክንያትም ወጪ መቀነስና ጠባቂዎቹ በሰው ላይ በፈጸሙት ድብደባ የመጡ ክሶች ነበሩ። ሬድ ዌስት ኤልቪስን ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ነበር። ያን ያህል ዘመን ያገለገለን ሰው በጥቂት ቀን ማስጠንቀቂያ መንገድ ላይ መጣል ራሱ ምን ይባላል? በማለት ጠየቁ። ምላሽ 6 የዚያው የቀበሌ 16 ሰው ነበር፤ በዚህኛው እርስዎ ማለቱን ትቶ አንተ እያለ በመጻፉ ሌሎች ገሠጹት፤ እርሱም የአነጋገሩን ይቅርታ ጠይቆ በሐሳቡ ግን ጸና። እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አስተያየት በሕይወት ባለ ሰው ላይ የተጻፈና ከሞተ በኋላ የተጻፈ አንድ ሚዛን ላይ መቀመጥ የለበትም የሚል ነው። ቻርሊ ሆጅ፣ ጓደኞቹ ጆ ኤስፖሲቶና ጄሪ ሺሊንግ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ሜሪ ጄንኪንስ ያወሩት የሞተን ሰው ነው፤ ብዙውም የፍቅር ወሬ ነው።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ምላሽ 7 ነው። የጻፈው በፒያሳ አካባቢ በአዝማሪ ቤት ማሲንቆ የሚመታ ሰው ሲሆን፣ ስሙን እንዳላነሳ ጠይቆኛል። አሠራሩን እንዲህ ዘረዘረው፦ ታዳሚው ግንባር ላይ የሚለጥፈው ሽልማት ሌሊቱ ሲያልቅ ይቆጠራል፤ ስንቱ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ዘፋኙ ነው፤ ቸር የሆነ ዘፋኝ ልጅ ሲታመም ያሳክማል፣ ለዓመት በዓል በግ ይገዛል፣ የቤት ኪራይ ሲያጥር ይሞላል። የእርሱም ዘፋኝ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሲሞት ግን ወራሾቹ ሞንታርቦውንና ኪቦርዱን ወሰዱ፤ ይህም መብታቸው ስለሆነ እንደማይከሳቸው ጨምሯል። በሰልስቱም በአርባውም ከዘመድ እኩል ቆሞ እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ። ከአርባው በኋላ ግን የሚጠራው ጠፋ። ሌሎች ዘፋኞች የሟቹ ሰው አድርገው ስለሚያዩት ሊያሠሩት አይደፍሩም፤ ጠጅ ቤት ሲገባም ሰው ሁሉ የሚጋብዘው ማሲንቆውን ሊሰማ ሳይሆን የሟቹን ወሬ ሊያስወራው ነው። ይህ ሰው መጽሐፍ የሚያሳትምለት ቢያገኝ ኖሮ ከሜምፊሶቹ በምን ይለይ ነበር? የቀበሌ 16ቱ ሰው ለዚህ ምላሽ ምንም አልመለሰም።

በምላሽ 8 አንዲት የጎንደር የሕግ ባለሙያ ገባች፤ የውይይቱን ክር ከትካዜ ወደ ሥራ የመለሰችው እርሷ ናት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያውኑ መፈረም አለበት፤ ዳኛ ወይም አዋዋይ ካለበት ሁለት ምስክር ይበቃል። በገዛ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍና ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር ይኖርበታል፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ደግሞ ፈራሽ ይሆናል። ብዙዎቻችንን ያስደነገጠው የቃል ኑዛዜው ጉዳይ ነበር። ሞቱ መቅረቡን ያወቀ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ ሊናዘዝ ይችላል፤ ነገር ግን በቃል ሊሰጥ የሚችለው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር አይበልጥም። ዘፋኙ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ለከበሮ መቺው መኪናዬ ላንተ ነው ማለቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሦስት ጊዜ ያህል ጥያቄ ተደርድሮላት ሁሉንም በትዕግሥት መለሰች። በኑዛዜ ስሙ ያልተጠራ ጓደኛ የቱንም ያህል ዘመን ቢያገለግል በሕግ ወራሽ እንደማይሆን ደጋግማ አስገነዘበች። ያልተከፈለ ደመወዝ ካለው ግን የውርሱ ባለዕዳ ሳይሆን ባለገንዘብ (ገንዘብ ጠያቂ) ነው፤ ለውርስ አጣሪው ማቅረብ ያለበትም ይህንኑ ነው።

ከምላሽ 9 እስከ 11 ድረስ ክሩ ወደ ሻሸመኔ ነጎደ። አንድ የማራኪ ሰፈር ወጣት ያለ ኑዛዜ ስለሞተ ታላቅ ዘፋኝ ካወራን ቦብ ማርሊ ይቅደም አለ። ሜይ 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ ሲሞት ኑዛዜ ስላልነበረው ቤተሰቡም ባልደረቦቹም ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። ሌላው ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በመስቀል አደባባይ የተደረገውን የ60ኛ ዓመት ልደቱን ኮንሰርት አስታውሶ፣ ባለቤቱ ሪታ አስከሬኑን ወደ ሻሸመኔ ለማምጣት በዚያን ጊዜ የተናገረችው ለምን እንዳልተፈጸመ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ስለ ጃማይካና ስለ ኢትዮጵያ እንጂ ስለ ጉዳያችን ስላልነበረ አልፈዋለሁ። የሚጠቅመንን ያመጣው ምላሽ 11 ነው። የቦብ ማርሊ ባንድ የዌይለርስ የቤዝ ጊታር ተጫዋች አስተን ባሬት 60 ሚሊዮን ፓውንድ ይገባናል ብሎ ለንደን ላይ ከስሶ በ2006 ተረታ፤ ዋናው ምክንያት በ1994 ስምምነት ፈርሞ ጥያቄውን መዝጋቱ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ ወረቀት የሚያድነው ያነበበውን ሰው ነው ሲል፣ የሕግ ባለሙያዋም ድጋፏን ሰጠች።

ምላሽ 12 ከጎንደሬ ሌላ ማንም የማይጽፈው ነው። ጸሐፊዋ የታሪክ መምህርት ስትሆን፣ የገዢ ሞት ቤተኛን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሜምፊስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ እቴጌ ምንትዋብ ወደ ኖሩበት ቁስቋም ወጥቶ ማየት ይበቃል አለች። አፄ በካፋ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1730 ሲሞቱ እቴጌ ምንትዋብ በሕፃኑ በዳግማዊ ኢያሱ ስም ሥልጣኑን ይዘው የባላቸውን ቤት አጸኑ፤ ፕሪሲላም በልጇ ስም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ምላሽ 13 ንጽጽሩን አልወደደውም። ምንትዋብ ዘውድ የደፉ ንግሥት ስለነበሩ የራሳቸው ሥልጣን ነበራቸው፤ ፕሪሲላ ግን በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር የምትሠራ የውርስ አስፈጻሚ ነበረች። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ሆኖም መምህርቷ ያየችው ተመሳሳይነትም እውነት ይመስለኛል፤ በሁለቱም ቤት ወራሹ ሕፃን ስለነበር ከሟቹ ጋር የኖረው ሰው ዕጣ በእናትየው እጅ ወደቀ።

ያው ምላሽ 13 ሌላ ቁም ነገርም ይዞ ነበር፤ ቤተኛ ሁሉ አንድ አይደለም የሚል። ሥራ አስኪያጁ ቶም ፓርከር ከኤልቪስ ገቢ እስከ ግማሽ ድረስ ይወስድ ነበር፤ በ1973 ቀደም ሲል የተቀረጹትን ዘፈኖች የወደፊት ገቢ ለአርሲኤ የሙዚቃ ኩባንያ በ5.4 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥም ከገንዘቡ ግማሹን ወስዷል። ኤልቪስ ከሞተም በኋላ ቨርነን በሥራው እንዲቀጥል አደረገው። በ1980 ፍርድ ቤቱ ለሕፃኗ የሾመው ጠበቃ ሒሳቡን መርምሮ ክፍያው ከልክ ያለፈ መሆኑን ባያሳውቅ ኖሮ ይኸው ይቀጥል ነበር፤ በ1981 ክፍያው እንዲቆም ታዘዘ፣ ክርክሩም በ1983 በስምምነት አለቀ። በአጭሩ፣ ውል የነበረው ቤተኛ ከሞት በኋላም ለዓመታት ሲከፈለው፣ ሻርፕ አቀባዩ ቻርሊ ሆጅ መድረክ ያገኘው ኤልቪስን የሚያስመስሉ ዘፋኞችን በማጀብ ነው። ለእኔ አቋም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እጅግ የመረረው ምላሽ 14 ነበር። የጻፈችው ነርስ ናት። ለእነዚህ ሰዎች የማዘን ግዴታ የለብኝም ብላ ጀመረች፤ የኤልቪስ ሐኪም ጆርጅ ኒኮፑሎስ በ1977 በነበሩት ስምንት ወራት ብቻ ከ10,000 ዶዝ በላይ መድኃኒት እንዳዘዘለት፣ በ1981 በወንጀል ችሎት ነጻ ቢባልም የሕክምና ፈቃዱን በ1990ዎቹ መነጠቁን አስታወሰች። ያ ሁሉ ኪኒን የገባው በቤተኞቹ እጅ፣ በቤተኞቹ ፊት ነው፤ ሰውዬው ሲሞት አላየንም ማለት አይችሉም፤ ከቀብር በኋላ ስለ ኑሯቸው መቸገራቸው የዝምታቸው ዋጋ ነው አለች። ሁለት ሰዎች በቁጣ መለሱላት፤ አንዱ በሙያዋ ላይ ያልተገባ ነገር ስለጻፈ ጽሑፉ ተነሥቷል።

እኔ ግን ጥያቄዋ ተገቢ ስለሆነ በቅንነት ልመልስላት እወዳለሁ። ዝም ማለታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለምን ዝም አሉ? ቤታቸው፣ መኪናቸው፣ የልጃቸው ትምህርት ቤት ክፍያ በአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው፣ ያን ሰው ተው ሊለው ሲነሣ የሚያጣውን ያውቃል። የሚያስቀይም የተባለ ጠባቂ ምን እንደሚገጥመው በ1976 ሁሉም አይተዋል። ውልና መብት ከሞት በኋላ ለሚቀረው እንጀራ ብቻ የሚያስፈልጉ አይደሉም፤ በሕይወት ያለውን ሰው በድፍረት ለመገሠጽም ያስፈልጋሉ። እኛም ዘንድ በመጠጥ የሚጎዳ ዘፋኝ አጠገብ የተቀመጠው ከበሮ መቺ አፉን የሚይዘው ልቡ ስለደነደነ አይደለም። ነርሷ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ተመልሳ በከፊል እንደምትስማማ፣ ለሐኪሙ ግን ይህ ሰበብ እንደማይሠራ ገለጸች። በዚህኛው ከእርሷ ጋር ነኝ።

በምላሽ 15 ማሲንቆ መቺው ተመለሰ። አሁን አልፎ አልፎ የምታሠራውን ዘፋኝ ስለ ጽሑፍ ውል ሊያነጋግራት ሞክሮ ክፉኛ እንደተቀየመች ነገረን፤ ኑዛዜ የሚለውን ሲያነሳ ሞቷን የተመኘ መሰላት። ይህ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ጤነኛ ሰው ፊት ስለ ውርስ ማውራት እንደ ሟርት ይቆጠራል፤ ሽማግሌ የሚጠራው ሰው አልጋ ከያዘ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከላይ እንደተባለው ሕጉ በቃል የሚፈቅደው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር አያልፍም።

የሕግ ባለሙያዋ በምላሽ 16 የሰጠችው ምክር በኑዛዜ አትጀምሩ የሚል ነው። ሰው ስለ ሞቱ ማውራት ቢጠላም ስለ ሥራው ማውራት አይጠላም። መጀመሪያ የሽልማቱ አከፋፈል በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ቀጥሎ ስቱዲዮ የሚገባ ዘፈን ሁሉ ማን ምን እንደተጫወተ ተጽፎ ይፈረምበት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብት የሚሰጠው ለዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ለሚያጅበውም ከዋኝ ነው፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ይቆያል። ስሙ ያልተጻፈ ተጫዋች ግን መብቱን የሚያስረዳበት ነገር የለውም።

የቀበሌ 16ቱ ሰው በምላሽ 17 ብቅ ብሎ፣ ስለ መጻሕፍቱ ሐሳቡን እንዳልቀየረ፣ የአንድ ገጹን ውል ግን እንደሚደግፍ ጻፈ። አሁንም ከእርሱ ጋር አልስማማም፤ ክርክሩ በሌላ ክር ይቀጥል።

ሳይመለስ የቆየው የማሲንቆ መቺው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ በፊት ያለ ምንም ወረቀት የተቀረጹት ዘፈኖች ምን ይሁኑ? የሕግ ባለሙያዋ በምላሽ 18 እንዳለችው፣ የካሴት ሽፋኖች፣ የመድረክ ፎቶግራፎች፣ በቀረጻው ላይ የነበሩ በሕይወት ያሉ ሰዎች ምስክርነት ሁሉ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሰዎቹ ግን እያረጁ ስለሆነ ጊዜ የለም። የአዘዞው አባት ያላቸውን ሸክላና ካሴት ሽፋን ሁሉ ፎቶ አንሥተው ለመላክ ቃል ገብተዋል። በጎንደርና በአካባቢዋ በተቀረጹ ዘፈኖች ላይ ማን ማሲንቆ፣ ማን ክራር፣ ማን ከበሮ እንደመታ የምታውቁ፣ የዘፈኑን መጠሪያ፣ የተቀረጸበትን ዓመትና የተጫዋቾቹን ድርሻ እየለያችሁ ከዚህ በታች ጻፉ፤ የማን ምስክርነት እንደሆነም አብሮ ይገለጽ።